ከ4351 ወዲህና ወዲያ፦ የግዕዝ ፊደል በትዊተር ላይ ለምን ሁለት ሆኖ ተቆጠረ?

መስከረም 16 ቀን 2010 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። በዚያው ቀን፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2017፣ ትዊተር 140 የነበረውን የጽሑፍ ገደብ ወደ 280 ለማሳደግ በጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ ሙከራ መጀመሩን አስታወቀ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ ጥቅምት 28፣ ለሁሉም ከፈተው። መግለጫው ምንም የሚያሻማ ነገር አልነበረውም፤ ጃፓንኛ፣ ቻይንኛና ኮሪያኛ በ140 ይቆያሉ፣ መጨናነቅ ያስቸገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች በሙሉ 280 ያገኛሉ።

አማርኛ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ትግርኛም አይደለም። ከዚያ ለውጥ ጀምሮ ግን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ትዊት እያንዳንዱ ሆሄው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ማስታወቂያው 280 ብሎ የሰጠው ለእኛ ሲደርስ ተመልሶ 140 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ነገር በመግለጫው ውስጥ አንድም ቃል የለም። ውሳኔው ያለው ኮዱ ውስጥ ነው፤ ኮዱ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ትዊተር-ቴክስት ብሎ በይፋ ያወጣው ስለሆነ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። እኔም ጉዳዩን የምከታተለው በእሱ በኩል ነው።

መጀመሪያ 140 ራሱ ከየት መጣ? ከስልክ የጽሑፍ መልእክት ነው። አንድ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ነው። የላቲኑ ፊደል በሰባት ሰባት ቢት ስለሚታሸግ 160 ፊደል ይገባል። ግዕዝን ጨምሮ በዚያ ጠባብ ሰንጠረዥ ውስጥ የሌለ ፊደል አንድ እንኳ ከገባ ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 16 ቢት ይዞርና 70 ብቻ ይይዛል። መልእክቱ ረዝሞ ሲከፋፈል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። በአማርኛ ቴክስት የሚልክ ሰው ሁለት መስመር ጽፎ የሁለት መልእክት ሒሳብ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። ትዊተር በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በስልክ መልእክት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ከ160ው ላይ 20ውን ለተጠቃሚው ስም አስቀርቶ 140ውን ለጽሑፉ ተወው።

የሚገርመው፣ ከስልኩ መልእክት የወሰደው ቁጥሩን እንጂ አድልዎውን አልነበረም። ከ2017 ለውጥ በፊት በትዊተር ላይ አንድ የአማርኛ ሆሄ እንደ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ተብሎ ይቆጠር ነበር። 140 ሆሄ በአማርኛ ብዙ ነው፤ አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጋብቶ አንድ ሆሄ ስለሚሆን እንግሊዝኛው ስምንት ፊደል የሚፈጅባት «ኢትዮጵያ» በእኛ አምስት ናት። በእነዚያ ዓመታት ፊደላችን ጥቅም እንጂ ጉዳት አልነበረውም።

ኩባንያው ገደቡን ለመቀየር ያቀረበው ምክንያት ይህንኑ የሚመስል ነው። በእንግሊዝኛ ከሚጻፉት ትዊቶች 9 በመቶው ገደቡን ይነካሉ፣ በጃፓንኛ ግን 0.4 በመቶው ብቻ ናቸው አለ። አብዛኛው የጃፓንኛ ትዊት 15 ፊደል ሲሆን አብዛኛው የእንግሊዝኛ 34 ነው። ጃፓንኛው በጥቂት ምልክት ብዙ ይናገራል፤ ስለዚህ ለተጨናነቁት ቦታ ይጨመር፣ ላልተጨናነቁት ባለበት ይቆይ። ሐሳቡን አልቃወምም። የጽሑፍን ርዝመት በምልክት ብዛት ሳይሆን በሚሸከመው ሐሳብ መለካት ከብዙ ሶፍትዌር የተሻለ አሳቢነት ነው። ችግሩ የተፈጠረው ሐሳቡ ወደ ኮድ ሲወርድ ነው።

ኮድ ቋንቋ አያውቅም። በስትሪንግ፣ ማለትም በተደረደሩ ፊደላት በተቀመጠ ጽሑፍ፣ ውስጥ የሚያየው ቁጥር ነው። የዓለም ፊደላት በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608 ናት፣ ላ 4619፣ ም 4637፣ ሰ 4656። እናም «ከጃፓንኛ፣ ከቻይንኛና ከኮሪያኛ በስተቀር» የሚለው ሐረግ ወደ ቁጥር ድንበር መተርጎም ነበረበት። በትዊተር-ቴክስት የቅንብር ፋይል ውስጥ የተተረጎመው እንዲህ ነው፦ ከ0 እስከ 4351 ያለው ፊደል ክብደቱ 100፤ ከዚያ ሦስት ትንንሽ ክልሎች፣ 8192–8205፣ 8208–8223 እና 8242–8247፣ እነሱም 100፤ የቀረው በሙሉ 200። መቶው አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ ሁለት መቶው ሁለት። ጣሪያው 280 ነው።

4351 ምንድን ነው? የጆርጂያ ፊደል መጨረሻ ነው። ከ4352 እስከ 4607 የኮሪያኛ ፊደል ቁርጥራጮች የሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ ድንበሩ የተሰመረውም ልክ ከእሱ በፊት ነው። ከኮሪያኛው ክፍል ቀጥሎ፣ 4608 ላይ፣ ሀ ትጀምራለች።

ጉዳዩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ግዕዝ በሰንጠረዡ ላይ የኮሪያኛ ጎረቤት ነው፤ ከኮሪያኛው ወዲያ ማዶ በመቀመጡ ብቻ አብሮ ተወሰደ። ከእኛ ቀጥሎ የተሰለፉት የቼሮኪ ፊደል፣ በካናዳ ኢኑክቲቱትና ክሪ የሚጻፉበት ፊደል፣ የካምቦዲያው ክመር፣ የሞንጎሊያ ፊደልም እንደዚሁ። ቬትናምኛ እንኳ በላቲን እየተጻፈ በምልክት ላይ ምልክት የተደረበባቸው አናባቢዎቹ ከ7800 በላይ ያለው ክፍል ውስጥ ስለሚገኙ ሁለት ይቆጠራሉ። እነዚህ ሁሉ ጃፓንኛም ቻይንኛም ኮሪያኛም አይደሉም።

እነዚያ ሦስት ትንንሽ ክልሎች ግን ቆም አድርገው ያሳስባሉ። በውስጣቸው ያለው ምንድን ነው ቢባል፣ ልዩ ልዩ ክፍተቶች፣ የእንግሊዝኛ ረዣዥም ሰረዞች፣ የተጠማዘዙ የጥቅስ ምልክቶች ናቸው። ከ4351 በላይ ያለው ሁሉ ሁለት ይሁን ከተባለ በኋላ የእንግሊዝኛ ጥቅስና ሰረዝ አብረው እንዳይጎዱ አንድ ሰው ቁጥራቸውን ፈልጎ አግኝቶ በስም አስገብቷቸዋል። ጥንቃቄው ነበር ማለት ነው፤ የእኛ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ጋ አልደረሰም እንጂ። «።» ሁለት ይቆጠራል፣ የእንግሊዝኛው ነጥብ አንድ።

«ሰላም» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሦስት ሆሄ ነው። በዓረብኛ ሲን፣ ላም፣ አሊፍ፣ ሚም ተብሎ በአራት ፊደል ይጻፋል። በዕብራይስጥ ሺን፣ ላሜድ፣ ቫቭ፣ ሜም፣ እሱም አራት። ዓረብኛውም ዕብራይስጡም ከ4351 በታች ስለሆኑ አራት ይቆጠርባቸዋል። የእኛው ከሁለቱም አጭር ሆኖ ሳለ ስድስት ነው። በላቲን ፊደል እንደ ስልክ ቋንቋ ቢጻፍ እንኳ አምስት ነው። ያው ሴማዊ ሥር ያለው ቃል፣ በአጭሩ የጻፈው የበለጠ ከፈለ።

ምናልባት ከፊደሉ ማስቀመጫ ጋር የተያያዘ ምክንያት ይኖር ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራመር አይጠፋም። እኔም ጠይቄያለሁ። የዩኒኮድ ቁጥር ወደ ባይት ከሚቀየርባቸው ዘዴዎች አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ-8 እስከ 127 ያለው አንድ ባይት፣ እስከ 2047 ያለው ሁለት ባይት፣ እስከ 65535 ያለው ሦስት ባይት ይወስዳል። ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥና ሩስኛ ሁለት ሁለት ባይት ናቸው፤ ግዕዝ ሦስት ነው። ግን ሂንዲም፣ ታይኛም፣ ጆርጂያኛም ሦስት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በትዊተር አንድ አንድ ይቆጠራሉ። በሌላው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-16፣ ከሄድን ከሩስኛ እስከ ቻይንኛ አብዛኛው የዕለት ተዕለት ፊደል እኩል ሁለት ባይት ነው። 4351 ላይ የሚቆም ድንበር በየትኛውም የማስቀመጫ ዘዴ የለም።

ማስቀመጫው እውነት ድንበር ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት የፕሮግራም ቋንቋ የሆነውን ጃቫን ማንሳት ይበቃል። ጃቫ 9 የወጣው ከትዊተር ማስታወቂያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 ነው። ከዚያ እትም ጀምሮ ስትሪንግ በውስጡ የባይት ድርድር ሆነ። ፊደላቱ በሙሉ ከምዕራብ አውሮፓው ላቲን ከሆኑ አንድ አንድ ባይት፣ አንድ እንኳ ከዚያ የወጣ ካለ ሁሉም ሁለት ሁለት ባይት ይይዛሉ። በረዥም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሐል አንዲት ሀ ብትገባ ማኅደረ ትውስታው እጥፍ ይሆናል። የድርድሩ ጣሪያ ወደ 2.147 ቢሊዮን ባይት ስለሆነ የእንግሊዝኛ ስትሪንግ እስከዚያ ድረስ ሊረዝም ሲችል የአማርኛው በግማሹ፣ በ1.07 ቢሊዮን አካባቢ ይቆማል። እዚህም አማርኛ ሁለት ሆነ፤ ግን ሩስኛውም፣ ዓረብኛውም፣ ጆርጂያኛውም እኩል ሁለት ናቸው፣ ምክንያቱም ቦታው በእርግጥ ስለሚያዝ ነው። ይህኛው አያስቀይመኝም። ፓይተንም ከ3.3 ጀምሮ ስትሪንጉን በውስጡ ባለው ትልቁ ፊደል ልክ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ባይት እያደረገ ያስቀምጣል፤ ርዝመቱን ሲጠየቅ ግን «ሰላም» 3 ነው ብሎ ይመልሳል። ማስቀመጫና መቁጠሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በደንብ የለየ ቋንቋ ነው። ጎ እና ረስት ለዚያው ቃል 9 ይላሉ፤ ባይት እየቆጠሩ መሆናቸውን ግን በሰነዳቸው በግልጽ ጽፈዋል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? በግምት ከማውራት መለካት ይሻላል። በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ የሚገኝ ጽሑፍ ስለሚያስፈልግ የ1948 እ.ኤ.አ.ውን ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ አንድ ወሰድኩ፦ «የሰው ልጅ ሁሉ ሲወለድ ነጻና በክብርና በመብትም እኩልነት ያለው ነው። የተፈጥሮ ማስተዋልና ሕሊና ስላለው አንዱ ሌላውን በወንድማማችነት መንፈስ መመልከት ይገባዋል።»

እንግሊዝኛው ክፍተቱን ጨምሮ 170 ምልክት ነው። አማርኛው 103፤ ከእነዚህ 84ቱ የግዕዝ ሆሄና ነጥብ፣ 19ኙ ባዶ ክፍተት ናቸው። በድሮው 140 እንግሊዝኛው አይገባም ነበር፣ አማርኛው 37 ቦታ አስተርፎ ይገባ ነበር። በአዲሱ አቆጣጠር እንግሊዝኛው ያው 170 ነው። አማርኛው 84 ጊዜ 2 ሲደመር 19፣ 187 ሆነ። የበለጠ አጭር የነበረው የበለጠ ረዥም ሆነ።

እዚህ ላይ ለኩባንያውም ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። በዚህ አንቀጽ ልክ ስናሰላ አንድ ትዊት ወደ 154 የአማርኛ ምልክት ይይዛል። 280 የእንግሊዝኛ ፊደል የሚሸከመውን ሐሳብ ለመሸከም አማርኛ 170 ገደማ ያስፈልገዋል። ከእንግሊዝኛ ጋር ሲተያይ የጎደለን 16 ያህል፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ግድም ነው። ክብደቱ 200 ሳይሆን 180 ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በዚህ አንቀጽ ትክክል ይመጡ ነበር፤ ቀመሩም በመቶኛ የተሠራ ስለሆነ 180 ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ስለዚህ «ግማሽ ቦታችንን ወሰዱብን» ማለት ልክ አይደለም። ልኩን ሳያውቁ መጮህ ጉዳዩን ያቀላል።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ከእንግሊዝኛ ጋር ብቻ መሆን የለበትም። ዓረብኛና ዕብራይስጥ አጭር አናባቢ አይጽፉም፣ እነሱም ከእንግሊዝኛ ያጠሩ ናቸው፤ ሙሉ 280 ግን ተሰጥቷቸዋል፣ ሊሰጣቸውም ይገባል። «እጥር ያለ ፊደል ሁለት ይቆጠር» የሚል መመሪያ ቢኖር ኖሮ እነሱንም ይነካ ነበር። የለም። ያለው በሰንጠረዥ ላይ የተሰመረ አንድ መስመር ነው።

አንቀጽ አንድን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛው ትርጉም ላይ ቃላቱ የተለያዩት በባዶ ክፍተት ሳይሆን በቀድሞው ሁለት ነጥብ ነው፤ «የሰው፡ልጅ፡ሁሉ፡» እየተባለ። ሁለት ነጥብ የግዕዝ ምልክት ስለሆነ እሱም ሁለት ይቆጠራል። እንደነበረው ቢለጠፍ 206 ይሆናል። ሁለት ነጥብን ዛሬም በፍቅር የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ በየቃሉ መሐል አንድ ትርፍ ይከፍላሉ።

ይህ አቆጣጠር ሰውን ወዴት እንደሚገፋ የሚያሳስበኝ ከቁጥሩ በላይ ነው። «ክብር» ስድስት ይቆጠራል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ነው። «አዲስ አበባ» 13፣ በላቲን 11። «ልጅ» አራት፣ በላቲን ሦስት። አማርኛን በራሱ ፊደል መጻፍ አማርኛን በባዕድ ፊደል ከመጻፍ የበለጠ የሚያስከፍልበት ሜዳ ነው። በላቲን መጻፍ ከድሮም የኖረ ልማድ ነው፣ የግዕዝ የቁልፍ ሰሌዳ ባልነበረበት ዘመን የመጣ፤ ትዊተር ፈጠረው አልልም። ግን ቢያንስ በዚህ መስክ የግዕዝ ፊደል ጥቅም ነበረው፣ በአጭር ቦታ ብዙ ይናገራል፣ ያ ጥቅም ነው የተወሰደው። ሌላው መውጫ ጽሑፉን በስዕል አድርጎ መለጠፍ ነው። ስዕል ውስጥ የገባ አማርኛ አይፈለግም፣ አይገለበጥም፤ ዓይነ ስውር የሆነ አንባቢ ስልኩ እንዲያነብለት ቢፈልግ ያ ጽሑፍ ለእሱ የለም።

ተመሳሳይ ጥፋት በየመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም በትንሹ ይደገማል፣ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ብቻ። ለስም 30 ባይት የሰጠ ፕሮግራም አለ እንበል፤ የሠራው ሰው 30 ፊደል የሰጠ መስሎታል። «ገብረ እግዚአብሔር» የሚል ስም ይመጣል። አሥር ሆሄና አንድ ክፍተት ነው፣ 11 ምልክት። በዩቲኤፍ-8 አሥሩ ሆሄ 30 ባይት፣ ክፍተቱ አንድ፣ ድምሩ 31። አንድ ባይት ተረፈ። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ የሚቆርጥ ከሆነ የመጨረሻዋ ር ትጎዳለች፤ ር ማለት 225፣ 136 እና 173 የሚባሉ ሦስት ባይቶች ናት፣ 173 ተቆርጦ ሲወድቅ የቀሩት ሁለቱ ፊደል አይሆኑም። በመታወቂያው ላይ «ገብረ እግዚአብሔ» ካለ በኋላ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይወጣል። ሰውየው ስሙን ለማስተካከል መስኮት ለመስኮት ሲመላለስ ጥፋቱ የአንዲት ባይት መሆኑን የሚነግረው የለም። እዚያ ባይት ነው የተቆጠረው፣ በትዊተር ደግሞ የሰንጠረዥ ቦታ፤ ሁለቱም ላይ የተቆጠረው ሰው የጻፈው ነገር አይደለም።

ወደ ፋይሉ እንመለስ፣ ምክንያቱም መፍትሔው እዚያው ነው ያለው። የተጻፈው «ከዚህ እስከዚህ ያሉት ቀላል፣ የቀረው ሁሉ ከባድ» ተብሎ ነው። ያልታሰበበት ፊደል በሙሉ ወደ ከባዱ ወገን ይወድቃል። ተገልብጦ «ጃፓንኛ፣ ቻይንኛና ኮሪያኛ ያሉባቸው ክፍሎች ከባድ፣ የቀረው ቀላል» ቢባል ኖሮ ከማስታወቂያው ጋር ቃል በቃል ይስማማ ነበር። የእነዚያ የሦስቱ ዋና ዋና ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያልታወቀው ወገን በነባሪነት የት ይውደቅ የሚለው ጥያቄ ትንሽ የሚመስል ግን ፕሮግራመር ሁሉ በየቀኑ የሚወስነው ነገር ነው፤ እዚህ በከባዱ በኩል ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኢሞጂዎች በሙሉ፣ ከስንት ቁራጭ ቢሠሩም፣ እኩል ሁለት እንዲቆጠሩ ተስተካክሏል። በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ አዳዲስ ሆሄያት ከ124896 ጀምሮ ዩኒኮድ ገብተዋል። በ2023 ድርጅቱ ስሙን ኤክስ አለ፣ ለሚከፍሉ ተጠቃሚዎችም በሺህ የሚቆጠር ፊደል ፈቀደ። ከፋይ ላልሆነው 280ው እንዳለ ነው።

አማርኛንና ትግርኛን ከ4351 ወዲህ ለማምጣት ኮዱን ማፍረስ አያስፈልግም። ክልሎቹ በተዘረዘሩበት ቦታ፣ ከእንግሊዝኛው ጥቅስና ሰረዝ ጎን፣ አንድ ክልል መጨመር ይበቃል፦ መነሻ 4608፣ መድረሻ 5023፣ ክብደት 100። በዚያ ውስጥ ከሀ ጀምሮ ዋናዎቹ ሆሄያት፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ፣ የግዕዝ ቁጥሮችም ይገባሉ። ያኔ አንቀጽ አንድ፣ በክፍተትም በሁለት ነጥብም ቢጻፍ፣ 103 ይቆጠራል።